ከሰዋስው በኋላ የሚቀረው ሥራ

(በእንጅባራ ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




የዚህ ጉባኤ አዘጋጆች ስለ ሙያና ስለ ቋንቋ አንድ ንግግር እንዳዘጋጅ በጠየቁኝ ጊዜ ሥራው የኔ አይደለም ብዬ ነበር። የውሃ መሐንዲስ የሆነ ሰው ስለ ቱቦ፣ ስለ ጉድጓድና ስለ ውሃ ግፊት እንጂ ስለ ሰዋስው የሚናገረው ምን አለው? ይሁን እንጂ ነገሩን ባሰላሰልሁት ቁጥር ባለፉት ዓመታት በሥራዬ ላይ ከፈጸምኋቸው ስሕተቶች ትልቁ የስሌት ሳይሆን የቃል ስሕተት እንደ ነበረ አስታወስሁ። ስለዚህ ግብዣውን በምስጋና ተቀበልሁ። ስሕተቴንም ወደ ንግግሬ መጨረሻ እነግራችኋለሁ።

ዛሬ የማወሳው ሁለት የቋንቋ ሊቃውንትን ነው። አንደኛው የምሁርነት ዘመናቸውን በአብዛኛው ለኮሪያኛና ለጃፓንኛ የሰጡ አሜሪካዊ ናቸው። ሁለተኛው ደግሞ በሃንጋሪ ተወልደው፣ እኛ ዛሬ የተሰበሰብንበትን አገር ቋንቋ አውኚን ያጠኑ ሰው ናቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጤ ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ሊቅ የቋንቋን ሰዋስው ጽፎ ሲጨርስ የቋንቋው ሥራ አለቀ ማለት እንዳልሆነ፣ የቀረውንም ሥራ መሥራት ያለባቸው የቋንቋው ባለቤቶችና እንደ እኛ ያሉ ባለሙያዎች መሆናቸውን ለማሳየት ነው። በንግግሬ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከኮሪያ እጀምራለሁ። ኮሪያ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አገር አይደለችም። ከ1951 ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ጦር በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር በዚያች አገር ተዋግቷል፤ በየተራ ከዘመቱት ከ6,000 የሚበልጡ ወታደሮቻችን ውስጥ ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። በቹንቾን ከተማ የቆመው መታሰቢያም ይህንኑ ይመሰክራል። ስለዚያ ጦርነት ከአባቶቻችን ብዙ ሰምተናል። የኮሪያ ሕዝብ ከዚያ ጦርነት በፊትም ሆነ በኋላ ስለ ቋንቋው ያደረገውን ተጋድሎ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም።

ኮሪያኛ እንደ እኛው አማርኛ ግሡን በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ያስቀምጣል። የስምን ሙያ የሚያመለክቱት ምዕላዶች ከስሙ በኋላ ይቀጠላሉ፤ ተናጋሪው ለአድማጩ ያለው አክብሮትም በግሡ መድረሻ ላይ ይታወቃል። ፊደሉን ንጉሥ ሴጆንግ በ1443 አዘጋጅተው በ1446 ለሕዝብ አወጁት። ያን ጊዜ 28 የነበሩት መሠረታዊ ሆሄያት ዛሬ 24 ናቸው። የመሠረታውያኑ ተነባቢዎች ቅርጽ ድምፁ በሚፈጠርበት ጊዜ ምላስ፣ ከንፈርና ጉሮሮ የሚይዙትን ሁኔታ እንዲመስል ታስቦ የተሠራ ነው። ለመሐንዲስ ዓይን ይህ እጅግ የሚያስደስት ሥራ ነው፤ ፊደሉ ራሱ የአፍ ንድፍ ነውና።

ይህን ቋንቋ ለውጭ ሰው ማስተማር ግን ቀላል አይደለም። አንድ ምሳሌ ልስጥ። በኮሪያኛ እሳት፣ ሣርና ቀንድ የሚባሉት ሦስት ቃላት ለእኛ ጆሮ ሦስቱም «ፑል» ብለው ይሰማሉ። ለኮሪያዊ ግን የመጀመሪያው ፊደል በአንደኛው ለስለስ ብሎ፣ በሁለተኛው ከትንፋሽ ጋር፣ በሦስተኛው ጉሮሮ ጠበቅ ብሎ ስለሚነገር ልዩነታቸው እንደ ቀንና ሌሊት የተለየ ነው። የእኛ «ጰ» ከሦስቱ በአንዱም አይተካም። አስተማሪው ይህን ልዩነት በመጽሐፍ ላይ እንዴት አድርጎ እንደሚያሳይ፣ ተማሪውም በምን ቅደም ተከተል እንደሚማረው ማወቅ የብዙ ዓመት ጥናት ይጠይቃል።

ይህን ጥናት ካካሄዱት የውጭ ሰዎች መካከል ታላቅ ስም ያላቸው ፕሮፌሰር ሳሙኤል ማርቲን ናቸው። በ1924 በካንሳስ ተወልደው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ባሕር ኃይል የጃፓንኛ ቋንቋ መኮንን ሆነው ሠለጠኑ። ከጦርነቱ በኋላ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌ ተምረው በ1950 ከዬል ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ፤ በዚያው ዩኒቨርሲቲም በ1994 ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አስተማሩ። በ1951 የኮሪያኛን ድምፆች የሚመረምር ጽሑፍ፣ በ1954 ለጀማሪዎች የሚሆን አጭር መማሪያ፣ በ1967 ከሁለት ኮሪያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ኮሪያኛ በእንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት፣ በ1969 ደግሞ ከአንዲት ኮሪያዊት ባልደረባቸው ጋር ሙሉ የመማሪያ መጽሐፍ አሳተሙ። ከ1,000 ገጽ በላይ የሆነው ታላቁ የሰዋስው መጽሐፋቸው የወጣው በ1992 ነው። በ2009 ዐረፉ።

ከዚህ የሥራ ዝርዝር ውስጥ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እወዳለሁ። ከመጀመሪያው ጽሑፍ እስከ ታላቁ ሰዋስው ድረስ 41 ዓመት አልፏል፤ በመካከሉ የወጡት መጻሕፍት አብዛኞቹ ለተማሪ የተዘጋጁ ናቸው። እኒህ ሰው መጀመሪያ መርምረው በኋላ ያስተማሩ አይደሉም። እያስተማሩ መረመሩ፤ ተማሪው የተቸገረበት ነጥብ ለምርምራቸው ጥያቄ ሆነ። በእኛም ሙያ ቢሆን የንድፍን ጉድለት የሚያሳየው ግንባታው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ይሁንና ኮሪያኛን ዛሬ ካለበት ደረጃ ያደረሱት የውጭ ሊቃውንት ናቸው ብል ታላቅ በደል እሠራለሁ። ማርቲን ወደ ኮሪያኛ ሲመጡ የኮሪያ መምህራን ብዙውን መንገድ ጠርገውት ነበር። አገሪቱ ከ1910 እስከ 1945 በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ ከ1938 ወዲህም ኮሪያኛ ከትምህርት ቤት እየተገፋ ወጣ። በዚህ ጨለማ ዘመን የኮሪያ ቋንቋ ማኅበር የተባለ የመምህራንና የምሁራን ማኅበር በ1933 አንድ ወጥ የአጻጻፍ ሥርዓት ደነገገ፤ ቀጥሎም ታላቅ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ጀመረ። በ1942 የማኅበሩ አባላት ተይዘው ታሰሩ። ሁለቱ በእስር ቤት ሞቱ፤ የመዝገበ ቃላቱም ረቂቅ ተወረሰ። ጃፓን ከተሸነፈች በኋላ በመስከረም ወር 1945 ያ ረቂቅ በሴኡል ባቡር ጣቢያ መጋዘን ውስጥ ተገኘ። የመጀመሪያው ቅጽ በ1947 ታተመ። ከዚያ የእኛም ወታደሮች የተሳተፉበት ጦርነት መጣና ሥራው ተቋረጠ። ስድስተኛውና የመጨረሻው ቅጽ የወጣው በ1957 ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሣ። በኮሪያኛ ዋጋ የሚለው ቃል ብቻውን ሲነገር «ካፕ» ይባላል፤ ባለቤት አመልካቹ ሲቀጠልበት ግን የተሸሸገው ድምፅ ይወጣና «ካፕሲ» ይሆናል። ቃሉ እንደ ተሰማ ይጻፍ ወይስ እንደ ሥሩ? የ1933 ሥርዓት ሥሩ ይጻፍ ብሎ ወስኖ ነበር። ፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪ በ1953 ይህ ለሕዝብ ይከብዳል በማለት አጻጻፉ ወደ ቀድሞው ቀላል ሥርዓት እንዲመለስ አዘዙ። መምህራንና ምሁራን አጥብቀው ተቃወሙ፤ በ1955 ትእዛዙ ተተወ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ማርቲን ራሳቸው ስለ አጻጻፉ አሳብ እንዲያቀርቡ ተጠይቀው አሳባቸው በኮሪያ ጋዜጦች ታትሟል፤ ነገር ግን ውሳኔው በአገሩ ሰዎች እጅ ቆየ። አንድ የአጻጻፍ ደንብ ርእሰ ብሔሩን እስኪያሸንፍ ድረስ ጠበቃ ያገኘው በየትምህርት ቤቱ በየቀኑ የሚሠሩበት ሰዎች ስለ ነበሩ ነው።

አሁን ከኮሪያ ወደ እንጅባራና ወደ ዳንግላ እንመለስ።

አውኚ ከአራቱ የአገው ቋንቋዎች አንዱ መሆኑን ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ሌሎቹ በከረን አካባቢ የሚነገረው ብሊን፣ በሰቆጣና በዋግ የሚነገረው ኽምጣና፣ በጎንደር አካባቢ የነበረው ቅማንትነይ ናቸው። አራቱም ማዕከላዊ ኩሽ የሚባለው የቋንቋ ቤተሰብ አባሎች ናቸው። ስለ አውኚ በጽሑፍ ከቀሩት ቀደምት መረጃዎች አንዱ እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ የሰበሰቡት የቃላት ዝርዝር ነው። ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1905፣ እንግሊዛዊው ፍራንክ ፓልመር በ1959 ጥናቶችን አሳተሙ። ቋንቋው በሰፊውና በጥልቀት የተመረመረው ግን በሮበርት ሄትስሮን ነው።

ሄትስሮን በቡዳፔስት ተወልደው፣ ኋላም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳንታ ባርባራ ያስተማሩ ሊቅ ነበሩ፤ በ1997 ዐረፉ። በ1969 የአውኚን የግስ ሥርዓት የሚተነትን መጽሐፍ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳተሙ፤ በ1976 ስለ አገው ቋንቋዎች በጠቅላላው፣ በ1978 ደግሞ ስለ አውኚ የስም ሥርዓት ጻፉ። ከዚህ ሌላ በ1972 ስለ ኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች አመዳደብ፣ በ1977 ስለ ጉራጌ ቋንቋዎች ያሳተሟቸው መጻሕፍት ዛሬም ድረስ ይጠቀሳሉ።

ሄትስሮን በአውኚ ውስጥ ያገኙት ነገር ምን ነበር? ለሁላችንም የሚገባ አንድ ምሳሌ እጠቅሳለሁ። በአማርኛ «የሰውዬው ቤት» ስንል «የ» የምትለው ምዕላድ ቤቱ አንድም ቢሆን ብዙ አትለወጥም። በአውኚ ግን ባለቤቱን የሚያመለክተው ስም ከንብረቱ ጋር ይስማማል፤ የንብረቱን ጾታና ቁጥር ይከተላል። ከዚያም አልፎ ንብረቱ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የያዘውን ሙያ የሚያመለክተውን ምልክት ባለቤቱም ደግሞ ይይዘዋል። በዓለም ቋንቋዎች ውስጥ ይህ በብዛት የሚገኝ ነገር አይደለም። ሄትስሮን ስለዚሁ ስምምነት በ1995 እንደገና ጽፈዋል፤ ጽሑፋቸውም የታተመው ከሌሎች ክፍለ ዓለማት ቋንቋዎች የተገኘ ተመሳሳይ ባሕርይ በሚመረመርበት መጽሐፍ ውስጥ ነው። በዳንግላ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ እናት በየዐረፍተ ነገሯ የምታደርገው ይህ ስምምነት በውጭ አገር ሊቃውንትን ሲያነጋግር ኖሯል ማለት ነው።

አውኚ የድምፅን ከፍታና ዝቅታ ለትርጉም መለያ የሚጠቀም ቋንቋ ነው። ጎረቤቶቹ ያሏቸው እንደ «ጠ» እና «ጨ» ያሉ ፈንጂ ድምፆችም የሉትም። ከሄትስሮን በኋላም ጥናቱ አልቆመም። ዴቪድ አፕልያርድ በ2006 የአገው ቋንቋዎችን ማነጻጸሪያ መዝገበ ቃላት አሳተሙ፤ አንድሪያስ ዮስዊግ በ2010 ስለ አውኚ ድምፆች የጻፉት ጥናት ወጣ። በእኛ በኩልም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ በር ከፈተ፤ አውኚም በአዊ ዞን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ ለመሆን በቃ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በአውኚ አፉን የፈታው ሕዝብ ወደ 490,000 ይደርስ ነበር።

ይህ ቁጥር አንድን ሰው ዘና ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ የእኅቱን ቋንቋ የቅማንትነይን ዕጣ አስታውሳችኋለሁ። በ1994 በተደረገው ቆጠራ ቅማንት ነኝ ያለው ሕዝብ ከ172,000 በላይ ሲሆን፣ ቅማንትነይ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ነው ያለው 1,650 ብቻ ነበር። ዶክተር ዘለዓለም ልየው የተባሉት ኢትዮጵያዊ የቋንቋ ሊቅ ይህ ቋንቋ እንዴት በአማርኛ እንደ ተተካ በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ በዝርዝር አሳይተዋል። የቅማንትነይን ሰዋስው በ1912 ኮንቲ ሮሲኒ ጽፈውት እንደ ነበር ልብ በሉ። ሰዋስው ተጽፎ ነበር፤ ተናጋሪው ግን አለቀ። መጽሐፍ ቋንቋን መመዝገብ ይችላል፤ በቤት፣ በገበያና በሥራ ቦታ እንዲነገር ማድረግ ግን አይችልም።

ክቡራን ባልደረቦቼ፤

እንግዲህ የገባሁትን ቃል ልፈጽምና ስሕተቴን ልናገር።

እኔ ዳንግላ ተወልጄ ያደግሁት በአማርኛ ነው። አያቴ በአውኚ ትናገር ነበር፤ ሰላምታና አንዳንድ የቤት ቃላት ከመስማት በቀር ግን ቋንቋውን አልተማርሁም። መሐንዲስ ሆኜ በባንጃ ወረዳ በአንድ መንደር የእጅ ፓምፕ የተገጠመለት ጉድጓድ በምናስረክብበት ዕለት ለውሃ ኮሚቴው አባላት ስለ አጠቃቀሙ በአማርኛ ገለጻ አደረግሁ፤ አንድ ወጣት እየሰማ በአውኚ ይተረጉምልኝ ነበር። የጉድጓዱ ምንጭ ደካማ ስለ ነበረ በበጋ ወራት ጠዋትና ማታ ብቻ እንዲቀዳ፣ በመካከሉ ግን የወረደው የውሃ ከፍታ ወደ ነበረበት እንዲመለስ ጥቂት ሰዓት ፋታ እንዲሰጠው ማስረዳት ነበረብኝ። የተናገርሁትም እንዲህ ብዬ ነበር፤ «ውሃው ሲቀንስ ፓምፑን ቆልፉት፤ ውሃው እስኪመለስ ድረስ አትክፈቱት።»

ከሁለት ወር በኋላ ለቁጥጥር ስመለስ ፓምፑ በሰንሰለት ተቆልፎ አገኘሁት። ሴቶቹ እንደ ቀድሞው ወደ ወንዝ እየወረዱ ይቀዱ ነበር። ተበላሽቶ ነው ብዬ ሰንሰለቱን አስፈትቼ ብሞክረው ውሃው በደንብ ወጣ። ለምን ቆለፋችሁት ብዬ ብጠይቅ የኮሚቴው አባል የነበሩት አንዲት እናት በእርጋታ እያዩኝ፣ «ልጄ፣ ውሃው እስኪመለስ ያልኸው አንተ ነህ። ክረምቱ ገና መቼ መጣና?» አሉኝ።

ስሕተቱ የአስተርጓሚው አልነበረም፤ የተናገርሁትን በታማኝነት ነግሯቸዋል። የኮሚቴውም አልነበረም፤ የታዘዙትን ፈጽመዋል። በዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ የተማርሁትን አንድ የሙያ ቃል ሳላስብበት ወደ አማርኛ አምጥቼ፣ አማርኛውም ወደ አውኚ ሲሄድ ትርጉሙ የት እንደሚደርስ ሳልጠይቅ የቀረሁት እኔ ነኝ። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ በየቀኑ ወንዝ የወረዱት እናቶች ድካም በምንም ስሌት የማይካስ ነው።

በዚያው ዕለት ነገሩን እንደገና ለማስረዳት ስቸገር በስብሰባው ላይ የነበሩ አንድ አዛውንት ተነሡ። በወጣትነታቸው ጉድጓድ ይቆፍሩ እንደ ነበር በኋላ ነገሩኝ። በባልዲ ትንሽ ውሃ አስመጡና ደረቅ አፈር ላይ ጉድጓድ ምሰው አፈሰሱበት፤ ከዚያም በእጃቸው ጨልፈው እያሳዩ በአውኚ አንድ ዐረፍተ ነገር ተናገሩ። ሰዉ ሁሉ ገብቶት ራሱን ነቀነቀ፤ ያች እናትም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ፓምፑ ያለ አግባብ ተቆልፎ አያውቅም። እኔ ግን ያን ዕለት በማስታወሻዬ ላይ የጉድጓዱን ጥልቀትና በደቂቃ የሚሰጠውን የውሃ መጠን ስጽፍ እኒያ አዛውንት የተናገሩትን ቃል አልጻፍሁትም። ጥልቀቱ ዛሬም በመዝገብ አለ፤ ቃሉ ግን የለኝም።

ይህን የምናገረው በእኔ ላይ ብቻ ደርሷል ብዬ ስለማምን አይደለም። ከእናንተ ውስጥ በአንከሻ፣ በጓንጓ፣ በፋግታ ለኮማ የሠራችሁ ሁሉ ተመሳሳይ ነገር እንዳጋጠማችሁ እገምታለሁ። ሕፃኑ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአውኚ ይማራል። ነገር ግን መንገድ የሚሠራው፣ የመብራት መሥመር የሚዘረጋው፣ ጉድጓድ የሚያስቆፍረው ባለሙያ በዚያ ቋንቋ የሙያውን ነገር አይናገርም፤ ስለዚህ ቋንቋው ከትምህርት ቤት ግቢ ሲወጣ የሚቀጠርበት ሥራ ያንሰዋል። ተማሪውም ይህን ያያል። የቅማንትነይ ተናጋሪዎች ልጆቻቸውን በቋንቋቸው ማሳደግ የተዉት ቋንቋውን ስለ ጠሉት አልነበረም፤ በቋንቋው የሚያገኙት ጥቅም እያነሰ በመሄዱ ነው።

ምናልባት ከእናንተ መካከል «አማርኛም ራሱ የሙያ ቃል ይጎድለዋል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው፣ ኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው ድርጅት ብዙ ደክሞ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. አሳትሟል። በውስጡ ካሉት ቃላት ብዙዎቹ በሥራ ቦታችን አይሰሙም። በአንጻሩ ግንበኛውና መካኒኩ ከጣሊያንኛ የወሰዷቸውን ፌሮ፣ ሶሌታ፣ ቡሎን፣ ፒንሳና ካቻቢቴ የሚሉትን ቃላት ማንም አካዳሚ ሳያውጅላቸው ሁላችንም በየቀኑ እንጠቀምባቸዋለን። የአካዳሚው ሥራ ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም፤ መሠረት ነው። ሆኖም ቃል የሚጸናው እጅ በሚሠራበት ቦታ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። የኮሪያ የቋንቋ ማኅበር ድልም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ደንቡን ያወጡት ሰዎችና በደንቡ የሚሠሩት ሰዎች አንድ ነበሩ።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት አሳቦችን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አዲስ ቃል ከመፍጠራችን በፊት ያለውን እንሰብስብ። ጉድጓድ ቆፋሪው፣ አንጥረኛው፣ ቤት ሠሪው፣ መስኖ የሚጠልፈው ገበሬ ለአፈር ዓይነት፣ ለምንጭ ጠባይ፣ ለእንጨት ጥንካሬ፣ ለመሣሪያ ክፍሎች የሚጠቀምባቸው የአውኚ ቃላት አሉ። በዞኑ ውስጥ የምንሠራ አባላት እያንዳንዳችን በመስክ ማስታወሻችን ላይ አንድ ገጽ ለዚህ ብንመድብ በአንድ ዓመት ውስጥ ትርጉም ያለው ስብስብ ይገኛል። ማን እንደ ተናገረው፣ በየትኛው ቀበሌ፣ ስለ ምን ሥራ ሲነጋገሩ እንደ ሆነ አብሮ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ የሰበሰብነውን ለብቻችን አንወስንበት። እኛ መሐንዲሶች ስለ ቱቦ እናውቃለን፤ ስለ ድምፅ ከፍታና ስለ አጻጻፍ ደንብ ግን የሚያውቁት በየትምህርት ቤቱ አውኚ የሚያስተምሩት መምህራን ናቸው። ቃሉን የሚያውቁት አዛውንት፣ የሚጽፉት መምህር፣ የሚሠራበት መሐንዲስ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ አለባቸው። ሄትስሮን የጻፉትም ቢሆን ያለ ቋንቋው ተናጋሪዎች ቃል ሊጻፍ የማይችል ነበር።

ሦስተኛ፣ ሥራውን ከትንሽ እንጀምር። ትልቅ መዝገበ ቃላት ለማዘጋጀት አንድ ትውልድ ያስፈልጋል፤ ኮሪያውያኑም ያን ያህል ፈጅቶባቸዋል። ለአንድ የእጅ ፓምፕ ተንከባካቢ የሚሆን፣ ሥዕል ያለበት የጥቂት ገጽ መመሪያ በአውኚ ማዘጋጀት ግን በዚህ ዓመት የሚቻል ነው። መመሪያውንም ከማሳተማችን በፊት ለውሃ ኮሚቴ እናቶች እናንብብላቸው፤ የገባቸውን በራሳቸው አነጋገር መልሰው ይንገሩን። ያልገባቸው ቃል ካለ ስሕተቱ የቃሉ እንጂ የእነርሱ አይደለም። ማርቲንም የመማሪያ መጽሐፍ በመጻፍ ያሳለፉት ዘመን ሰዋስዋቸውን ያበሰለላቸው በዚሁ መንገድ ይመስለኛል።

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል በዚህ ከተማ በሚከበርበት ጊዜ ፈረሱንና ፈረሰኛውን ለማየት ብዙ እንግዳ ይመጣል። በዚያ ሜዳ ላይ የሚሰማው ቋንቋ ከበዓሉ ማግሥት በግንባታ ቦታ፣ በውሃ ጉድጓድ ዳርና በወርክሾፕ እንዲሰማ ማድረግ የእኛ የባለሙያዎች ድርሻ ነው። ከሄትስሮን መጽሐፍ መውጣት ጀምሮ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ አልፏል፤ ጥናቱ በእጃችን አለ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ሥራ ግን ማንም ከውጭ መጥቶ አይሠራልንም።

እኔ በበኩሌ በመጪው በጋ ወደዚያች መንደር እመለሳለሁ። አዛውንቱን በሕይወት ካገኘኋቸው ያን ቃል እንዲነግሩኝ እጠይቃቸዋለሁ፤ በዚህ ጊዜ ማስታወሻዬን ከፍቼ እጠብቃቸዋለሁ። ያገኘሁትንም ለሚቀጥለው የማኅበራችን መጽሔት አቀርባለሁ።